ይሄ ከማን ወገን ነው?

በቤተሰባችን የዘር ጉዳይ የሚዳኘው በአባቴ ታላቅ እህት ችሎት ነው። እትዬ አራስ መጠየቅ ይወዳሉ። ገንፎው ሳይቀርብ ጨቅላውን ከነመጠቅለያው ይቀበሉና ወደ መስኮቱ ዞር አድርገው እንደ ወርቅ አንጣሪ ይመረምሩታል። «አፍንጫው ቁርጥ አባቴን! ግንባሩም የኛው ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ይሄ ጆሮ ግን...» ብለው ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ወደ አራሷ ወገን የተላከ የክስ ማመልከቻ ነው።

ሕጋቸው አጭር ነው። ቁመና፣ ትምህርት አቀባበል፣ ደግ እጅ፣ ይሄ ሁሉ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ከእኛ ወገን ነው። ብስጭት፣ የተደራረበ ጥርስ፣ ገንዘብ አለመያዝና ለቅሶ ቤት ሳቅ ማምለጥ ደግሞ በጋብቻ የገባ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ፤ ወደየት እንደሚስብ የሚወስኑት ግን እሳቸው ናቸው።

በእኔ ላይ የተላለፈው ፍርድ የቆየ ነው። ወተት አልችልም። ይህም በእትዬ ችሎት ከእናቴ ወገን የመጣ ነው።

እትዬ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ደጋ ነው። አንድ ዓመት ከፋሲካ ማግስት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ወተት መጣ። ውሃ ያልነካው፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ የታለበ፣ ሙቀቱ ያልወጣለት፣ አረፋው ከጣሳው አፍ በላይ የቆመ። ሽታው ብቻ ሰውን ወደ ልጅነቱ ይመልሳል።

«እትዬ፣ ለኔ ሻይ ይበቃኛል» አልኩ።

«እዚህ ድረስ መጥተህ የቅጠል ውሃ?»

«አይስማማኝም እኮ።»

«ወተት ደግሞ ለማን ነው የማይስማማው? በሞቴ!»

«በሞቴ» ከተባለ በኋላ ይግባኝ የለም። ጠጣሁ። ሲጎድል ሞሉት። ያንንም ጠጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውን የጠጣሁት ስለሚጣፍጥ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆዴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ቀየረ። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። በእኔና በእሱ መካከል ደግሞ ቀን ታስሮ ውሎ ሌሊት የሚፈታ ውሻ አለ። ቀን ላይ ዳቦ የሰጠሁት ውሻ ነው፤ ሌሊት ግን ውለታ የሚባል ነገር አያውቅም። በስልኬ መብራት ዓይኑን እያጭበረበርኩ፣ በሌላኛው እጄ ሱሪዬን ይዤ ሮጥኩ። በሁለተኛው ምልልስ ጎረቤት ያሉት ውሾችም ገቡበት። በአራተኛው ላይ የእትዬ ውሻ መጮኹ ሰልችቶት፣ ከኋላዬ ዝም ብሎ እየተከተለ ሸኝቶኝ ተመለሰ።

ጠዋት ሸንጎ ተቀመጠ። እትዬ «ዓይን ነው፤ ሲጠጣ ያየው ሰው ነበር» አሉ። ያየሁት ሰው ግን እሳቸውን ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ምች ነው አሉ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ በስልክ ተጠይቆ፣ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ፣ «ጨጓራ ነው» ሲል መለሰ። ለጨጓራ ምን ይሻላል ተባለ። «ቀዝቃዛ ወተት።» እትዬ ጣሳውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

እንግዲህ የሆነው ምንድን ነው? ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 50 ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ስኳር ሁለት ስኳሮች የተጣመሩበት ስለሆነ አንጀት እንዳለ አይቀበለውም፤ መቆረጥ አለበት። የሚቆርጠው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን ቦታው ቀጭኑ አንጀት ነው። እኔ ዘንድ መቀሱ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስኳሩ ሳይቆረጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድም ውሃ እየሳበ ነው። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ድንኳን የተተከለላቸው ይመስላቸዋል። ይበላሉ፣ ያፈሉታል፣ ጋዝ ይለቁበታል። ከጋዙ አንዱ ሃይድሮጂን ነው፤ ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል በትንፋሽ ይወጣል። ሐኪሞችም ነገሩን የሚያጣሩት በዚሁ ነው፤ በባዶ ሆድ ላክቶስ አጠጥተው ለጥቂት ሰዓታት ትንፋሹን እየለኩ። ያን ሌሊት እኔና ውሻው ስንፋጠጥ፣ እሱ ባያውቅም ሃይድሮጂን ነበር የምተነፍስበት።

እትዬ ቀጥለው ያመጡት ክርክር ግን ቀላል አይደለም። «ሃምሳ አምስት ቀን ሁዳዴ ጾመህ ሆድህ ወተት ረስቶ ነው። ስታስለምደው ይመለሳል።» ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ላክቴዝ ግን የጾምና የፍስክ መቁጠሪያ የለውም። ያለው ሰው ሁለት ወር ቢጾምም አለው፤ የሌለው ሰው በየቀኑ ቢጋትም አይመለስለትም። በልምድ ትንሽ የሚሻሻሉት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ ቀስ በቀስ ሲለምዱት ጋዙን ይቀንሱታል። እኔን ግን ማን ያስለምደኝ? የሚሰጠኝ በጣሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ደረቴን ብነፋ አትፍረዱብኝ። ሕፃን ሆኖ ወተት የማይችል ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሁላችንም ከነመቀሳችን ነው የምንወለደው። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን ሰውነት መቀሱን ቀስ በቀስ ያስቀምጠዋል። ግልገል እንዲህ ነው፣ ቡችላ እንዲህ ነው፣ የወተቱ ባለቤት ጥጃዋ ራሷ ሣር ስትጀምር ትተወዋለች። በዓለም ላይ ካለው አዋቂ ሰው ከሦስቱ ሁለቱ ያህልም እንዲሁ ነው። ጥንት የነበረው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር። መደበኛው ሰው እኔ ነኝ ማለት ነው። በአርባ ዓመታቸው ወተት በጣሳ ጠጥተው ለጥ ብለው የሚተኙት ናቸው የተለወጡት።

ለውጡ ሚውቴሽን ይባላል። አማርኛው «የዘረመል ለውጥ» ሲሆን፣ ሲሰሙት የአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ መዋቅር ይመስላል፤ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ታቅዶ የጸደቀ። ሥራው ግን እንደዚያ አይደለም። የግልበጣ ስህተት ነው። አንድ ቁም ጸሐፊ ብራናው ላይ አጎንብሶ ዳዊት ሲገለብጥ አስቡት፤ መብራቱ ደክሟል፣ ዓይኑ ቦዟል፣ በአንድ ፊደል ቦታ ሌላ ፊደል አስቀመጠ። ቀጣዩ ጸሐፊ የሚገለብጠው ያንኑ ነው፤ ከእሱ የሚገለብጠውም እንዲሁ። የእኛ ዳዊት ከእያንዳንዱ ወላጅ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። አንድ ልጅ ሲወለድ ከአባቱም ከእናቱም የሌሉ ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ስህተቶች ይዞ ይመጣል፤ እትዬ ያን ሁሉ መስኮት አጠገብ ሲመረምሩ እነዚህን አላዩአቸውም። አብዛኞቹ የሚያደርጉት ነገር የለም። አንዳንዶቹ ይጎዳሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ አንዱ ስህተት ሆኖ ሳለ እንጀራ ይወጣበታል።

የወተቱ ስህተት የገባበት ቦታ ያስገርመኛል። ላክቴዝን የሚሠራው ጂን ላይ አይደለም። እሱ ጤነኛ ነው፤ የኔም ጤነኛ ነው። ስህተቱ ያለው ከእሱ ወደ 14,000 ፊደል ያህል ርቆ፣ ሌላ ጎረቤት ጂን ግቢ ውስጥ ነው። የላክቴዝ ማብሪያና ማጥፊያ የሚገኘው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ባዮሎጂ መማር አያስፈልገውም፤ አምፖሉ ያንተ ነው፣ ቆጣሪው ያለው አከራይህ ግቢ ነው። ልጅ ጡት ሲጥል አከራይ ያጠፋዋል። ወተት በሚችሉት ሰዎች ዘንድ ግን ማጥፊያው ተበላሽቶ መብራቱ እንደበራ ቀርቷል። ይኼው ነው። ሚስጥሩ የተበላሸ ማጥፊያ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በሀገራቸው ቤተሰቦች ላይ ይህን ፊደል ሲፈልጉ 13,910ኛው ቦታ ላይ አገኙት። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ነገር ግን ከብት የሚያረቡ ብዙ አፍሪካውያን ወተት እየጠጡ ይህ የአውሮፓ ስህተት አልነበራቸውም። በ2007 ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን 470 ሰዎችን መርምረው ሌሎች ስህተቶችን አወጡ፤ አንዱ 14,010ኛው ላይ፣ ሌሎቹ 13,915ኛውና 13,907ኛው ላይ። የ13,915ቱ የዓረብ ግመል አርቢዎችም ነው። የ13,907ቱ በኛ ሀገር የሚገኝ ነው፤ ከፊንላንዱ በሦስት ፊደል ብቻ ይርቃል! የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች፣ በተለያየ አህጉር፣ በተለያየ ዘመን፣ ያቺኑ መስመር ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያውያን ላይ ብቻ አተኩሮ ሲመለከት አንድ ስህተት ነግሦ አላገኘም፤ ብዙ ናቸው፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ። ፊንላንዶች በአንዲት ፊደል ተስማምተው ይጠጣሉ። እኛ ወተት ለመጠጣት እንኳ በአንድ ሐሳብ አልተስማማንም።

ብዙ ሰው፣ የተማረውም ሳይቀር፣ «ከብት ማርባት ሲጀምሩ ወተት ስላስፈለጋቸው ሰውነታቸው ተለወጠ» ይላል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ የኔ ሰውነት ያን ሌሊት በሁለተኛው ምልልስ ላይ ይለወጥ ነበር፤ ያስፈለገኝን ያህል ለማንም አላስፈለገውም። ስህተቱ ማንንም ሳይጠይቅ ይመጣል። ምርጫው የሚመጣው በኋላ ነው። «የተፈጥሮ ምርጫ» ስንል ደግሞ ኮሮጆና ታዛቢ የለበትም፤ ማን ልጅ አሳደገ፣ ማን ሳያሳድግ ሄደ፣ ይኼው ነው ቆጠራው።

ሰዎች ወተት ማለብ የጀመሩት ግን ይህ ስህተት ከመስፋፋቱ እጅግ ቀድሞ ነው። ዛሬ ቱርክ በምንላት ምድር 9,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወተት ስብ ተገኝቷል፤ ወተት የሚያስችለው ዘረመል በአውሮፓ የበዛው ከዚያ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ የነበሩት አብዛኞቹ እንደኔ ነበሩ ማለት ነው፤ ይጠጣሉ፣ ይሮጣሉ። በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት ታዲያ፣ ይህ ሩጫ በደህናው ዘመን ሰው አይገድልም ይላል። የሚገድለው በክፉ ቀን ነው። አዝመራው ሲከዳ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ የቀረችው ጥገቷ ላም ብቻ ስትሆን፤ ያኔ የከሳ ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው አይነሳም። ወረርሽኝ ሲጨመርበትም እንዲሁ። ማጥፊያው የተበላሸበት ልጅ ያችን ወተት ጠጥቶ ክረምቱን ያልፋል። ልዩነቱ በአንድ ትውልድ ትንሽ ነው፤ መቶ ትውልድና ሁለት መቶ ትውልድ ሲደማመር ግን መንደሩ በተበላሸ ማጥፊያ ይሞላል።

እንዲህ ሳስበው በእትዬ ጣሳ ላይ ለመቀለድ ትንሽ ይከብደኛል። ክፉ ቀን ምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ፤ ወተት የሚያስገድዱትም ለዚያ ይሆናል።

ደግሞም እኔን ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጣሳውን ትተው እርጎ አቀረቡልኝ፤ ምንም አልሆንኩም። በወይራ ጢስ በታጠነው ዕቃ ውስጥ ወተቱ ሲያድር ባክቴሪያዎች ገብተው ከስኳሩ ጥቂቱን ይበሉታል፤ የተረፈውን ለመቁረጥ ደግሞ የራሳቸውን መቀስ ይዘው አብረው ወደ ሆዴ ይወርዳሉ። እርጎው በቅል ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው በመጠነኛ እሳት ላይ ይጣዳል፣ አይቡ ሲረጋ አጓቱ ይጠለላል። ከስኳሩ አብዛኛው የሚሄደው ከአጓቱ ጋር ነው፤ እሱም ለጥጃ ወይም ለዚያ ውለታ ቢስ ውሻ ይሰጣል። የእኔ ቢጤዎች ትክክለኛውን ስህተት ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ በአንዲት ቅል ጉዳያቸውን ጨርሰዋል። እትዬ ቅሉን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ወደፊትና ወደኋላ ሲንጡ አያለሁ፤ ድምፁ መጀመሪያ ቦጭ ቦጭ ይላል፣ ቅቤው ሲሰበሰብ ይከብድና ዱብ ዱብ ይላል። በጆሯቸው ብቻ ነው የሚያውቁት። እኔ ስሞክር ቶሎ ከፈትኩትና «ይሄም ከናትህ ወገን ነው» ተባልኩ።

ከተማ ውስጥ ነገሩ ይቀላል። የማኪያቶ ወተት ጥቂት ስለሆነ የኔ ዓይነቱም ሰው ይችለዋል። በጾም ወቅት ደግሞ የጾም ማኪያቶ አለ፤ ያኔ ሀገር ሁሉ ለሁለት ወር እንደኔ ስለሚሆን እኩል እንሆናለን።

ባለፈው መስቀል ሰሞን ተመልሼ ሄድኩ። እትዬ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ በሰፌድ አተር ይለቅማሉ፤ ለስላሳውን ወደ አንድ ጎን፣ የተጨማደደውን ወደ መሬት። ይህን ዕድል ማሳለፍ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ በአውሮፓ አንድ መነኩሴ ነበር፤ ግሪጎር ሜንዴል ይባላል። ገዳም ውስጥ አተር ሲዘራ ኖረ። ለስላሳውን ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም ለስላሳ ሆኑ።»

«ወግ ነው።»

«እነዚያ ደግሞ በተራቸው ሲወልዱ የተጨማደደው ተመልሶ ብቅ አለ። ቢቆጥራቸው 5,474 ለስላሳ፣ 1,850 የተጨማደደ። ከአራት አንድ ማለት ነው።»

«የተጨማደደውን ምን አደረገው?»

«ቆጠረው።»

«አልጣለውም?»

«አልጣለውም።»

«መነኩሴ አይደል፤ የሚጠብቀው ጎረምሳ የለበት» አሉና መልቀማቸውን ቀጠሉ።

ሁለት ለስላሳ አተር አንስቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። «ይቺ እናቴ ናት፣ ይቺ አባቴ። ሁለቱም ወተት ይችላሉ። ግን ሁለቱም ውስጥ አንድ አንድ የማይችል ጂን ተደብቋል። ልጅ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይወስዳል፤ አንዱ የሚችል ከሆነ ይበቃዋል። እኔ ሁለቱንም የማይችለውን አነሳሁ።» እኛ ወንድማማቾችና እህትማማቾች አራት ነን፤ የማይችለው እኔ ብቻ ነኝ። ስሌቱ እንዲህ ልክ የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ዕጣው በየልጁ እንደ አዲስ ስለሚጣል አራቱም ሊችሉ፣ አራቱም ላይችሉ ይችሉ ነበር። ይህን ግን ለእትዬ አልነገርኳቸውም፤ ማስረጃዬ ማማሩ ስለበቃኝ።

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ከሁለቱም ነው ያልከው?»

«ከሁለቱም። ከእናቴ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር።»

«ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወተት ጠግቦ ያደገ ሰው ነው። ስንት ጊዜ ከጥጃው ጋር ተሻምቶ ጠጥቷል።»

«ደብቆ ይዞት ነው እንጂ ነበረው።»

እትዬ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከመዳፌ ላይ አተሮቹን አንድ በአንድ አነሱ፤ አባቴን መጀመሪያ፣ ወደ ፀሐዩ አቅርበው አገላብጠው አዩትና ወደ ሰፌዱ መለሱት።

«የኛ ሰው መደበቅ አያውቅም» አሉ። «እሷ ናት ያስተማረችው።»